ከሳሙና ውሃ የሚወጣ ቀለም

ጥያቄ፦ ፊዚክስ ነፍሴ ነው፤ ፎቶ ማንሳትም እወዳለሁ። ሁለቱን ላጣምር ብዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ እያወዛወዝኩ ብዙ አብስትራክት ፎቶ አነሳሁ። ያምራሉ፤ ግን ባዶ ሆኑብኝ። ፊዚክሱ የቱ ጋ እንዳለ ራሴም አላውቅም። ካሜራና አንድ ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሳ) አለኝ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ በሳሙና ውሃ ይጀምሩ። የባትሪው ፎቶ የሚያሳየው የእጅዎን እንቅስቃሴ ነው፤ ባዶ የሆነብዎትም ለዚህ ይመስለኛል። ሳሙናው ላይ ግን ሥዕሉን የሚሠራው ብርሃኑ ራሱ ነው።

ሽቦ አጥፈው የብርጭቆ አፍ የሚያህል ቀለበት ይሥሩ። ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ጥቂት ግሊሰሪን ይጨምሩ። ቀለበቱን ነክረው ያውጡና ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ይሁን።

ችግር ያለው መብራቱ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ፍላሽ በቀጥታ ለቅቄበት አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ አገኘሁ። ቀለበቱ ላይ የተወጠረው ስስ የሳሙና ሽፋን እንደ መስታወት ነዋ! ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ሰፋ ያለ ስስ ነጭ ጨርቅ ይወጥሩና መብራቱን ከጀርባው ያድርጉ። ካሜራው የጨርቁ ነጸብራቅ ሽፋኑን ሞልቶ በሚታይበት በኩል ይቁም። ፎከሱን በእጅ ያስተካክሉ፤ ሽፋኑ ላይ እንጂ ነጸብራቁ ላይ እንዳያርፍ።

ከዚያ ይጠብቁ። ከሽፋኑ ፊትና ጀርባ የሚመለሱት ሁለት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ፣ እንደ ውፍረቱ አንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል። ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ላይኛው በኩል እየሳሳ ይሄዳል። ሮዝና አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይወርዳል። ከሽቦው ጠርዝ ደግሞ ትንንሽ የቀለም ጭራዎች እንደ ጭስ እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ይወጣሉ። እኔ ሌንሴን የማስጠጋው እዚያ ጋ ነው። በመጨረሻ አናቱ ላይ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ብርማ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይመጣል። ጥቁሩ ቀዳዳ አይደለም፤ ሽፋኑ አለ። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ነው። ሽፋኑ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሲሳሳ፣ ከፊት የሚመለሰው ሞገድ ተገልብጦ ስለሚመለስ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ባዶ የሚመስለው ቦታ ከሁሉም በላይ ፊዚክስ ያለበት ነው።

አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ቤረኒስ አቦት ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፊዚክስ መማሪያ የምትነጥር ኳስና የውሃ ሞገድ ስታነሳ፣ ክስተቱ ራሱ እንዲናገር ትተወው ነበር። እርስዎም ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን አያጋንኑት። ኧረ ይበቃዋል!

ጥቁሩ ብቅ ሲል ግን ቶሎ ቶሎ ያንሱ፤ ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ብዙም አይቆይ። ሲፈነዳ ሌንሱ ላይ ስለሚረጭ ንጹሕ ጨርቅ አጠገብዎ ይኑር።