ሳይታመሙ ኑዛዜ መጻፍ ሟርት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባለቤቴን ኑዛዜ እንጻፍ ስለው «ሟርት ነው፣ ሞትን አትጥሪብን» ይለኛል። ሁለታችንም ጤነኞች ነን፣ ሦስት ልጆች አሉን። ኃጢአት አለው? ከሌለውስ በአንድ ወረቀት አብረን ብንጽፍ? እኔ ድርሻዬን በሙሉ ለደብራችን መስጠት አስቤያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ኃጢአት የለውም። ሕዝቅያስ «ቤትህን አስተካክል» ከተባለ በኋላ 15 ዓመት ተጨመረለት እንጂ ቃሉ ሞቱን አላፋጠነበትም (2ኛ ነገ. 20)። ሕዝቅያስ ታሞ ነበር ይልሽ ይሆናል ባለቤትሽ፤ በጤና ጊዜ መጻፉ ግን ይሻላል እንጂ አያንስም፣ ምክንያቱም አልጋ ላይ ሆኖ ማን ምን እንዳስፈረመው የማያውቅ ሰው ስንት ቤት እንዳፈረሰ እኛ ካህናት በየለቅሶው እናያለን። የአርባው ተዝካር ድንኳን ሳይነሳ ወንድምና እህት በቤት ካርታ ሲካሰሱ ማየት ያማል።

በአንድ ወረቀት የሚለውን ግን ተይው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋል። እሱ የራሱን፣ አንቺ የራስሽን ጻፉ። ሌላ ሰው የሚጽፍልሽ ከሆነ በአንቺና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ወዲያው ሁላችሁም ትፈርማላችሁ፣ ቀኑም ይጻፋል። የንስሐ አባት አንዱ ምስክር ቢሆኑ ደስ ይላል፤ «ለአባ ነግሬያቸዋለሁ» ብሎ መቅረት ግን አይበቃም።

ለደብሩ ያልሽው መልካም ሐሳብ ነው፣ እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። ግን በሙሉ አትበይ። ጌታችን ገንዘባቸውን «ቁርባን ነው» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው) እያሉ ወላጆቻቸውን መጦር የተዉትን ገሥጿል (ማር. 7)፤ ገና ትምህርት ላይ ያለ ልጅ ካለሽ መጀመሪያ እሱን አስቢ፣ ከዚያ የምትችይውን ለይተሽ ስጪ። እንዲያውም ዛሬ በሕይወትሽ ብትሰጪ ይሻላል፣ ለነፍስሽም።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፣ ዕዳ። ከጎረቤት የተበደርሽው፣ በልተሽ ከፍለሽ ያልጨረስሽው ዕቁብ፣ ሰው አደራ ያስቀመጠብሽ ወርቅ ካለ ስሙንና መጠኑን ጻፊ። የሰው ገንዘብ ይዞ መሄድ ከባድ ነው፣ ልጆችም ሳያውቁ የሰው አደራ ይካፈላሉ።

ባለቤትሽ አሁንም እምቢ ካለ አትጨቃጨቁ። የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሪያቸውና እሳቸው ያናግሩት። የራስሽን ግን እሱን ሳትጠብቂ መጻፍ ትችያለሽ።