ስለ ስቴም ሴል ለምትጠይቁኝ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞች

ልጆቼ፣

ከቢሾፍቱ ተመርቃችሁ አሜሪካ የፈቃድ ፈተና የምትጨርሱትም፣ እዚሁ ተወልዳችሁ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩትም ስንገናኝ የምታነሱብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ስቴም ሴል የሚሉት ነገር የምር ይሠራል?» ቆሞ የሚመለስ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል የሰውነት ሴል ነው። አሠራሩ አይከብድም። ዳሌው የሚያመው ሽማግሌ ላብራዶር ውሻ በማደንዘዣ ይተኛል፤ ከትከሻው ኋላ ወይም ከሆዱ ጥቂት ስብ ይወሰዳል፤ ስቡ በማቀዝቀዣ ሣጥን ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ሴሎቹ ተለይተው በሁለት ቀን ገደማ በሲሪንጅ ይመለሱና መገጣጠሚያው ውስጥ ይወጋሉ። የሚከብደው ማስረዳቱ ነው። ባለቤቱ «አዲስ መገጣጠሚያ ይበቅልለታል አይደል?» ይላችኋል፤ ደስ እንዲለው ብላችሁ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። እንዳታደርጉት። የተወጉት ሴሎች አብዛኞቹ ብዙ አይቆዩም። ዋናው ሥራቸው በሚያመነጩት ንጥረ ነገር ብግነትን ማብረድና የተቆጣውን የሰውነት መከላከያ ማረጋጋት ነው።

ይህን ካወቃችሁ ተስፋው የት እንዳለ መገመት ቀላል ነው። ድድና አፋቸው ቆስሎ መብላት ያቃታቸው፣ ጥርሳቸው ሁሉ ተነቅሎም ያልተሻላቸው ድመቶች አሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ለ7 እንዲህ ያሉ ድመቶች ከገዛ ስባቸው የተዘጋጀ 20 ሚሊዮን ሴል በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ በደም ሥር ሰጧቸው። 5ቱ ተሻላቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን በሽታው ራሱ የመከላከያ መቃወስ ነው፣ ውጤቱም አፍ ተከፍቶ በዓይን ይታያል። ኮሎራዶ ውስጥ በኩላሊት ሕመምተኛ ድመቶች ላይ የተሞከረው ደግሞ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ማስታወቂያ ላይ ይህን አታገኙትም።

ወደ ውሻው ልመለስ፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነውና። (እናቶቻችሁ «ለውሻ? በሺህ ዶላር?» ሲሉ ይሰማኛል።) እ.ኤ.አ. በ2007 ዳሌያቸው የታመመ 21 ውሾች ተፈትነው፣ የትኛው ሴል የትኛው ሴል የሌለበት ባዶ መርፌ እንደወሰደ ባለቤትም ሐኪምም ሳያውቅ፣ ሴል የወሰዱት አካሄዳቸው ተሻሽሎ ታየ። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ እሱን ሳታነቡ ማንንም ውሻ እንዳትወጉ። 58 የሚያነክሱ ውሾች ባዶ መድኃኒት (መድኃኒት የሚመስል ግን ምንም የማይሠራ) ተሰጥቷቸው፣ እግራቸው መሬት ላይ የሚጥለው ኃይል በመለኪያ ሰሌዳ ተመዘገበ። ሰሌዳው ምንም ለውጥ ሳያሳይ ባለቤቶቹ 40 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ «ተሻለው» አሉ። ሐኪሞቹም ከነሱ አልተሻሉም። አንብበን፣ ተመርቀን፣ ነጭ ጋዋን ለብሰን ማለት ነው።

ስለዚህ ከመርፌው በፊት ውሻው ሲራመድ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ከተኛበት ሲነሣ በስልካችሁ ቅረጹት። ከወራት በኋላ በዚያው ቦታ ድገሙትና የቱ በፊት የቱ በኋላ እንደሆነ ለማያውቅ ባልደረባችሁ አሳዩት። ሰሌዳው የላችሁም፤ ይሄ ግን በእጃችሁ ነው። ከሁሉ በፊት ውሻውን ሚዛን ላይ አውጡት። የወፈረ ውሻ ሲከሳ ማነከሱ እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ ነው፣ ላቦራቶሪም አይጠይቅም። ካንሰር ያለበት ወይም የሚጠረጠር እንስሳ ከሆነ ሴሉን ተዉት።

ሕጉንም እወቁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እነዚህን ሴሎች የሚያያቸው እንደ መድኃኒት ነው። አውሮፓ ለውሻ መገጣጠሚያ የፈቀደችው ዶግስቴም የተባለ የስቴም ሴል መድኃኒት ደግሞ ከፈረስ እትብት የሚዘጋጅ ነው፤ ለውሻ የፈረስ! ስሰማ እኔም ስቄአለሁ።

ሰውየው አስቦበት «ይሁን» ካለ ሥሩለት፤ አልቃወምም። የሦስት ወሩን ቀጠሮ ግን ያኔውኑ ያዙ፣ ካልተሻለውም ካርዱ ላይ «አልተሻለውም» ብላችሁ ጻፉ።