መልስ፦ «የጠላት ንብረት» የሚል የኪራይ ደረሰኝ ባለቤትነትን ያስረዳል?

አያስረዳም። አያትዎ ሰበታ አጠገብ ያለውን የጣሊያን ወፍጮ ቤት ኪራይ በ1935 ዓ.ም. የከፈሉበት ደረሰኝ የሚያሳየው ተከራይ እንደነበሩ ብቻ ነው። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ መንግሥት የጣሊያኖችን ሱቅ፣ ፋብሪካና መሣሪያ «የጠላት ንብረት» ብሎ ይዞ ያስተዳድር ነበር፤ መያዝ ግን ስም ማዛወር አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ ተዋዋይ አገሮች በግዛታቸው ያለውን የጣሊያን ንብረት ወስደው ለካሳ እንዲያውሉት የፈቀደው በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 79 ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት የተገዛበትን ውል ይፈልጉ። ውሉ ከሌለ ክርክሩ አያዋጣም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት የተወረሰበት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ማመልከቻዎ ላይ አይቀላቅሉት።

ዋናውን ደረሰኝ ለማንም ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ አይስጡ፤ የጎረቤቴ ወረቀት በዚህ መንገድ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም። ኮፒ ይበቃዋል።