ተቅማጡ ከጥርሱ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ልጄ 8 ወሩ ነው፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ይዞታል፣ አልፎ አልፎም ያስመልሰዋል ግን ጡት እየጠባ ነው። አማቴ ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው፣ ድዱ ላይ ግግ አለ፣ ሰፈር ውስጥ የሚያወጡለት ሴትዮ ጋ እንውሰደው እያሉኝ ነው። ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው፣ ማስቀየምም አልፈልግም፣ ግን ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው፣ ድዱን በጭራሽ እንዳታስነኪው። ነጣ ብሎ ያበጠው ነገር ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። እሱን ጎርጉሮ ማውጣት ልጁን ያደማዋል፣ ለቴታነስና ለኤችአይቪ ያጋልጠዋል፣ ከስር ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል፣ ተቅማጡ ግን እንዳለ ይቀጥላል።

አማትሽ ዝም ብለው አልተናገሩም፣ ጥርስ የሚወጣበትና ተቅማጥ የሚበዛበት እድሜ እኮ አንድ ነው። ከ6 ወር በኋላ ልጅ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ተቅማጡን የሚያመጣው በዚህ የሚገባው ጀርም ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ጡጦ የምትጠቀሚ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው፣ በንፁህ ሲኒና ማንኪያ ቀይሪው።

ልጅን የሚጎዳው የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ስለሆነ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት) አሁኑኑ ጀምሪለት። ፓኬቱ ለ1 ሊትር የሚል ከሆነ ሙሉውን ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጪው፣ አታቅጥኚው አታወፍሪውም፣ ከ24 ሰአት ካለፈ ድፊው። ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው፣ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተሽ እንደገና ቀጥይ። ጡቱንም ምግቡንም እንዳታቆሚበት፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ያባብስበታል። የተቅማጥ ማቆሚያም ፍላጅልም ባለሙያ ሳያዝ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትስጪው።

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ዚንክ ያስፈልገዋል። በሱ እድሜ በቀን አንዴ 20 ሚሊግራም ለ10 ቀን ነው፣ ተቅማጡ በሶስተኛው ቀን ቢቆምም ጨርሺው፣ ብዙ እናት እዚህ ጋ ነው የምታቋርጠው። ደም ካየሽ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ አይኑ ወይ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይ ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ሩጪ። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገሽ ልቀቂው፣ ወዲያው ካልተመለሰ ውሃው አልቋል ማለት ነው።

አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ ካንቺ አፍ ከሚሰሙት ባለሙያዋ ስትነግራቸው ይቀላቸዋል፣ ኦአርኤሱን ማጠጣቱንም ለሳቸው ስጫቸው፣ ትእግስት የሚፈልግ ስራ ነው። የክትባት ካርዱን እንዳትረሺው፣ በ6 እና በ10 ሳምንቱ የሮታ (ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ) ክትባት ወስዶ እንደሆነ ይዩልሽ፣ በ9 ወሩ ደግሞ የኩፍኝ ክትባቱ ይደርሳል።