አምስት ወር ሙከራ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቡሬ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ጆንያ እሰፋለሁ። ከገባሁ አምስት ወሬ ነው። የፈረምኩት ወረቀት የለም። ጭማሪ ስጠይቅ አለቃዬ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ፣ ፈቃድም የለሽም» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በአምስት ወርማ ጤፍም ተዘርቶ ይታጨዳል! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እሱም በጽሑፍ ከተስማማችሁ ነው። አንቺ አልፈረምሽም። ስለዚህ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ሠራተኛ ነሽ። ወረቀት አለመኖሩ መብትሽን አያሳጣሽም። የዓመት ፈቃድ ግን ዓመት ሲሞላሽ ነው፤ የመጀመሪያው 16 የሥራ ቀናት። ጭማሪው ላይ ልዋሽሽ አልችልም፣ ሕጉ አያስገድዳቸውም። ደመወዝ የተቀበልሽበትን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቢ። አንድ ቅጂ እናትሽ ቤት ይቀመጥ።