መብራት ሲጠፋ፣ ማሲንቆው ሲረግብ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች ቤታችን በየሐሙሱ ማታ አዝማሪና ኪቦርድ እናቀርባለን። መብራት በየመሃሉ ይጠፋል፤ ክረምት ሲሆን የማሲንቆው ድምፅ ይታፈናል፤ በሁዳዴ ደግሞ ሰው የለም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ዕቃ የሚያቃጥለው በብዛት የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን አመላለሱ ነው። እንደጠፋ አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ድምፁ ሲረጋ ሚክሰሩን አስቀድማችሁ፣ አምፕሊፋየሩን በመጨረሻ አብሩ። ለሁለት መካከለኛ ስፒከር፣ ሚክሰርና ኪቦርድ 2 ኪሎዋት ጄኔሬተር ይበቃል፤ ፍሪጁን ግን እዚያው ላይ አትሰኩ፣ ሞተሩ ሲነሣ ኃይሉን ይሻማል። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አዝማሪው ወደ ጠረጴዛዎቹ ጠጋ ብሎ ያለ ማይክ ይዝፈን። ማሲንቆ ድሮስ መብራት መች ጠየቀ?

የማሲንቆው ጣጣ ቆዳው ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል። ከመጀመራችሁ 30 ደቂቃ በፊት ከከሰል ምድጃ አንድ ክንድ አርቃችሁ አሙቁት። በጣት መታ ስታደርጉት እንደ ከበሮ ከጮኸ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢቀርብ ይሰነጠቃል። ጭራውንም ሙጫ ቀቡት፣ አለዚያ ደጋኑ ይንሸራተታል።

በሁዳዴ 55 ቀን አትታገሉ፤ ዝጉ። የመመለሻውን ቀን ግን ከወዲሁ በር ላይ ለጥፉ፤ ለአዝማሪውም ቀብድ ስጡት፣ ሽልማት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ለፋሲካ ሌላ ቤት ይገባል።