የሽንት ከረጢቱ ሲሞላ

እህቴ፣ «የደም ጨዎችን ማስተካከያ ሰንጠረዥ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዲውቲ ላይ የታካሚ የደም ሶዲየም እጅግ ወርዶ 112 ሲመጣ ግን እጄ ይታሰራል፤ እናንተ እንዴት ተማራችሁት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

ኢንተርን ሳለሁ ለቀናት ሲያስመልሳቸው የቆዩ እናት ገቡ። ሶዲየማቸው 110። ትንሽ ግራ ተጋብተዋል እንጂ አልተንቀጠቀጡም። ፈሳሽ አጥሯቸዋል ብዬ ኖርማል ሳላይን፣ በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ፣ ከፈትኩ። ሶዲየሙ በ24 ሰዓት ከ8 በላይ እንዳይጨምር መጠኑን የሚያሰላውን ፎርሙላ ሠራሁ፣ ጠብታውን ቆጠርኩ፣ ጋደም አልኩ።

ሌሊት ሲስተሯ ቀሰቀሰችኝ። «ዶክተር፣ የሽንት ከረጢቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሞላ።» ሄጄ አየሁት። ማታ የወፈረ ሻይ ይመስል የነበረው ሽንት የቧንቧ ውሃ ሆኗል። ደም ልኬ ስጠብቅ፣ 119! በ6 ሰዓት ውስጥ 9 ጨምሯል።

ምን ሆነ መሰለሽ? ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው ውሃ የሚያስይዘው ሆርሞን፣ ኤዲኤች፣ ይለቀቃል። ፈሳሹ ሲተካ ሆርሞኑ ይቆማል፤ ኩላሊትም የያዘውን ውሃ ይለቀዋል። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በሽንቱ ፍጥነት ይጨምራል። የእኔ ፎርሙላ ደግሞ ሽንት የሚባል ነገር አያውቅም። እንዲህ ሲፈጥን የአንጎል ነርቮች ሽፋን ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ታካሚው ደህና መስሎ ያሞኝሻል።

ሲኒየሩን ጠራሁ። ሳላይኑን አስቁሞ 5 ፐርሰንት ዴክስትሮስ (የስኳር ውሃ) እና እንደ ኤዲኤች ውሃ የሚያስይዝ መድኃኒት፣ ዴስሞፕሬሲን፣ አዘዘ። ሶዲየሙ ወደ 116 ተመለሰ፤ እናታችንም በእግራቸው ወጡ። እኔ የዚያን ሌሊት ላቤን አልረሳውም።

ዛሬ ጁኒየሮቼን ፎርሙላ ከመጠየቄ በፊት ሽንቱን እጠይቃለሁ። በየ2 ሰዓቱ ይለኩ፣ ሶዲየሙን በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይድገሙ፣ ሽንቱ በሰዓት ከ100 ሚሊ ካለፈ ይቀስቅሱኝ። ታካሚው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 3 ፐርሰንት ሳላይን (ጨው የበዛበት)፣ 100 ወይም 150 ሚሊ፣ ወዲያው። እዚያ ላይ አታመንቺ።

ሌላው የደም ጨው፣ ፖታሺየም፣ ላይ ብዙ አልልም። ከፍ ብሎ 6.8 ከመጣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አንሺ። ናሙናው ሄሞላይዝ ሆኖ፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰው ፖታሺየም አፍስሰው፣ ሊሆን ስለሚችል ድገሚው፤ ኢሲጂው ከተለወጠ ግን ድጋሚውን ሳትጠብቂ ካልሲየም ግሉኮኔት ስጪ። ካልሲየም ልብን ይጠብቃል እንጂ ፖታሺየሙን አያወርድም፣ ይህን ብዙዎች ያምታቱታል። ዝቅ ያለው ፖታሺየም ደግሞ ብትሰጪ ብትሰጪ አልወጣ ካለ ማግኒዚየም ለኪ።

በነገራችን ላይ የዚያ ባለ 112 ታካሚሽ ሽንት አሁን ስንት ደርሷል? ጻፊልኝ።